የመሣሪያ ዋጋ መርከስና የኅሊና ሸክም

መግደል በቀለለ ጊዜ የገዳዩ የኅሊና ሸክም አብሮ ይቀልላልን? ጥያቄው ጥንታዊ ነው፤ ነገር ግን ድሮን የሚባለው፥ በየገበያው የሚሸጠው አነስተኛ በራሪ መሣሪያ በዘመናችን እንደ ገና አስነሥቶታል።

ሩስያ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ዩክሬንን ከወረረች ወዲህ፥ ይህ ለመዝናኛና ለፎቶግራፍ የተሠራ ዕቃ ፈንጂ ተሸክሞ ታንኩንም ብቸኛውንም ወታደር እያሳደደ ይመታል። ዋጋው ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ዶላር አያልፍም። ረጅም ርቀት የሚበረው ሻሄድ እንኳ በአሥር ሺህዎች ዶላር ሲገመት፥ የፓትሪዮት አየር መከላከያ አንድ ሮኬት ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስወጣል። እንግዲህ ተከላካዩ ዒላማውን ቢመታም እየደኸየ ይሄዳል።

«ሰው አልባ» የሚለው ስም ግን ለእኔ አይዋጥልኝም። መድፈኛ የመታውን ሰው አያይም፤ የድሮን ነጂ ግን በሩቅ ተቀምጦ የሚሸሸውን ሰው ፊቱን ሳይቀር ያያል። ስለዚህ «አላየሁም» የሚለው ማመካኛ ቀርቶበታል።

በግንቦት 2015 ዓ.ም. በባክሙት አንድ የሩስያ ወታደር በምሽግ ውስጥ ብቻውን ቀርቶ፥ ከበላዩ ለሚያንዣብበው ድሮን በእጁ ምልክት እያሳየ ለመነ። ዩክሬናውያኑ ነጂዎች በቦምብ ፈንታ እንዲከተላቸው የሚያዝዝ ወረቀት ጣሉለት፤ እርሱም ድሮኑን ተከትሎ እጁን ሰጠ፥ በሕይወትም ተረፈ። ልመናው የተነበበው በወዲያኛው ጫፍ ሰው ስለ ነበረ ነው። ዛሬ ግን በመጨረሻው ርቀት ላይ ዒላማውን በራሱ የሚከተል ድሮን በዚያው ጦር ግንባር ገብቷል፤ ለዚህኛው በእጅ ምልክት መለመን አይቻልም።