ተስማምቶ የሚወድቅ ባላጋራ

ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ባለው አገር ዛሬ የልጆች አባት ከሆኑት ወንዶች መካከል በወጣትነታቸው ካራቴ፣ ቴኳንዶ ወይም ኩንግ ፉ የተማሩ አሉ። ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው በቪዲዮ ቤት ከታየ ፊልም ነበር። ከዚያም ማለዳ መነሣት፣ ሩጫ፣ በሣር ሜዳ ላይ ልምምድ፣ ከጫትና ከመጠጥ መራቅ፣ ለአሠልጣኝ ጐንበስ ብሎ እጅ መንሣት ይከተላል። እነዚሁ ሰዎች ያንን ዘመን ሲያስታውሱ፣ ከሥልጠናው ድካም ይልቅ በፈገግታ የሚያነሡት ያን ጊዜ ያምኑት የነበረውን ነው። ጥቁር ቀበቶ የታጠቀ ሰው እጁ እንደ ጦር መሣሪያ በፖሊስ ይመዘገባል፤ በሰው ገላ ላይ የምትገኝ አንዲት ስውር ሥፍራ በጣት ብትነካ ተመቺው በሳምንቱ ይሞታል፤ ታላቁ ማስተር ባላጋራውን ሳይነካው በውስጡ ባከማቸው ኀይል ይጥለዋል፤ ቀበቶው የሚጠቁረውም ባለመታጠቡ፣ ከዓመታት ላብና ደም የተነሣ ነው ይባል ነበር።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሐሰት ቢሆንም፣ ልጁን ከክፉ ባልንጀራ አርቆ ሰው ካደረገው፣ ምን ጐዳ? ይህን የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው፤ ጥያቄውም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

አስቀድመን እውነቱን እንመልከት፤ እውነቱ ከተረቱ የሚያንስ አይደለምና። ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ የጁዶን ትምህርት ቤት በቶኪዮ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ጥቁር ቀበቶን የብቃት ምልክት ያደረገው በዚያው በ1880ዎቹ ሲሆን፣ ከኦኪናዋ ደሴት ካራቴን እ.ኤ.አ. በ1922 ወደ ቶኪዮ ያመጣው ጊቺን ፉናኮሺ ደግሞ ይህንኑ ሥርዐት ከጁዶ ወሰደ። ስለዚህ ቀበቶው የሚጠቁረው በቀለም ነው፤ ቢታጠብም ክብሩ አይቀንስም። የሁለት ሺህ ዓመት ዕድሜ አለው እየተባለ የሚነገርለት ቴኳንዶም ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ ካስፋፉት ሰዎች ዋነኛው ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ በወጣትነታቸው በጃፓን የተማሩት ካራቴን ነበር። ሸክላና ኮንክሪት በእጅ መስበርንም በሚመለከት፣ የፊዚክስ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1979 ጥናታቸውን አሳትመዋል። ከእነርሱ አንዱ፣ ራሱ የካራቴ ጥቁር ቀበቶ የነበረውና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1986 በቻሌንጀር የጠፈር መንኰራኵር አደጋ ያረፈው ሮናልድ ማክኔር ነው። ያገኙትም ይህ ነው፦ የሰው አጥንት ከኮንክሪት ይልቅ ብዙ እጥፍ ጫና ይችላል፤ የእጅ ፍጥነትም በቂ ነው። ስውር ኀይል አላስፈለገም። እኛ እንደምናስበው፣ ፈጣሪ በእጃችን አጥንት ውስጥ ያኖረው ብርታት ከማስተሩ ምሥጢር የበለጠ ሊያስደንቀን በተገባ ነበር።

ታዲያ አስተዋይ ወጣቶች ይህን ያህል ጊዜ እንዴት አመኑ? መልሱ በልምምዱ ሜዳ ላይ ይገኛል። አሠልጣኙ እጁን ሲሰነዝር ተማሪው ይወድቃል፤ መውደቁ የአክብሮት ምልክት ነውና። ያልወደቀ እንደ ደፋር ይቈጠራል፤ የወደቀው ግን ከጊዜ በኋላ በእርግጥ ኀይል እንደ ጣለው ራሱን ያሳምናል። ዙሪያውን የቆሙትም አይተው ይመሰክራሉ። በዚህ ውስጥ ማንም አልዋሸም ለማለት ይቻላል፤ ሆኖም ሁሉም ተባብረው አንድ ሐሰት አቁመዋል። ካኖ ይህን አደጋ የተረዳ ይመስላል፤ ከተወሰነው የስልት ልምምድ ጐን ተማሪዎቹ ሳይስማሙ፣ እያንዳንዱ ላለመውደቅ እየታገለ የሚገጥሙበትን ልምምድ የትምህርቱ ዐምድ አድርጎታልና። ብሩስ ሊም ቢሆን፣ ስንቱን ወጣት በፊልሞቹ ያስጐመጀው እርሱ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 በኦክላንድ ከተማ ካደረገው አንድ ግጥሚያ በኋላ የተማረውን ስልት መልሶ ይመረምርና ይለውጥ ጀመር። ፊልሙ ያስተማረው ሌላ፣ ባለ ፊልሙ የተማረው ሌላ ሆነ።

በአገራችን ይህ እምነት የወደቀው በተዘጋጀ መሬት ላይ ነው። ጥይት እንዳይመታ ክታብ አንገት ላይ ማሰር በክርስቲያኑም በእስላሙም ዘንድ የቆየ ልማድ መሆኑን የወሎ ሰው አይስተውም። ከደብተራ ክታብ ወደ ማስተር ምሥጢር ያለው መንገድ አጭር ነው፤ በሁለቱም ዘንድ ኀይል የሚገኘው በስውር ነው፣ የሚሰጠውም ለተመረጠ ነው፣ ሳይሠራ ሲቀር ደግሞ ጥፋቱ የተሸካሚው ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2117 ክታብ መያዝን ከአስማት ጋር አያይዞ የሚነቅፈው ስለዚህ ነው።

ምን ጐዳ ለሚሉን ታሪክ የሚመልሰው አለው። በቻይና ቦክሰሮች የተባሉት ማኅበረተኞች የትግል ስልት ከሥርዐተ ጸሎትና ከአስማት ጋር ደባልቀው ይለማመዱ ነበር፤ የውጭ አገር ሰዎች ጥይት እንደማይበሳቸውም ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 በተነሡ ጊዜ እነርሱም በጥይት ረገፉ፣ እጅግ ብዙ ክርስቲያኖችንም ገደሉ። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ጥቅምት 1 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. ቅድስናቸውን ካወጁላቸው 120 የቻይና ሰማዕታት አብዛኞቹ የሞቱት በዚያ ዓመት ነው። በዛሬዪቱ ታንዛኒያም እ.ኤ.አ. በ1905 በጀርመን ቅኝ ገዢዎች ላይ የተነሡት የማጂ ማጂ ታጋዮች፣ የተቀደሰ ውሃ ከጥይት እንደሚያድናቸው ተነግሯቸው ነበር። የደረሰባቸው በደል እውነተኛ ነበር፤ የታመኑበት ውሃ ግን አላዳናቸውም። እኛም ዘንድ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ በውጫሌና በሐይቅ አልፎ እስከ ደሴና ኮምቦልቻ በዘለቀ ጊዜ፣ ጥይት የማንንም ቀበቶ ቀለም አልጠየቀም።

ወንጌል ይህን ፈተና በግልጽ ያውቀዋል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ዲያብሎስ ጌታችንን በቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ ራሱን ወደ ታች እንዲወረውር፣ መላእክትም እንደሚደግፉት ይነግረዋል። ሳይጐዳ መውረድ የሚችል አንድ ሰው ቢኖር እርሱ ነበር፤ ግን አልዘለለም። ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2119 ይህንኑ ታሪክ ጠቅሶ እግዚአብሔርን መፈታተን ምን እንደ ሆነ ያስረዳል። የክብደት፣ የአጥንትና የስበት ሕግ የእግዚአብሔር ነው፤ ሕጉ ለእኔ አይሠራም ማለት ከትዕቢት የሚቈጠርም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንመለስ። ሐሰቱ መልካም ፍሬ ካፈራስ? እዚህ ላይ የጥንት አባቶች ክርክር ይረዳናል። ሐዋርያው ጳውሎስ በአንጾኪያ ጴጥሮስን ፊት ለፊት እንደ ተቃወመው በገላትያ መልእክት ምዕራፍ 2 እናነባለን። ቅዱስ ሄሮኒሞስ፣ ሁለቱ ሐዋርያት ለሕዝቡ ጥቅም ሲሉ ተስማምተው ያደረጉት ማስመሰል ነው ብሎ ተረጐመው፤ ማለትም ልክ እንደ ልምምዱ ሜዳ፣ ተስማምቶ የሚወድቅ ባላጋራ። ቅዱስ አጎስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ395 ገደማ በጻፈለት ደብዳቤ አጥብቆ ተቃወመ። ለመልካም ተብሎ የተነገረ አንድ ሐሰት በቅዱሱ መጽሐፍ ውስጥ ከተቀበልን፣ የቀረውን ሁሉ በምን እናምናለን የሚል ነበር ሐሳቡ። ጴጥሮስ በእርግጥ ተሳስቶ ነበር፣ ጳውሎስም በእርግጥ ገሠጸው፤ የጴጥሮስ ትሕትናም የሚታየው ተግሣጹ እውነተኛ ሲሆን ብቻ ነው።

ይህ ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሩቅ ነገር አይደለም። ልጁ ስለ ቀበቶው የተነገረው ሐሰት መሆኑን በ20 ዓመቱ ሲያውቅ የሚጥለው ተረቱን ብቻ አይደለም፤ ማለዳ መነሣቱንና ከጫት መራቁንም አብሮ ሊጥለው ይችላል፤ ሁሉም ከአንድ አፍ ወጥቷልና። ታዲያ በእኛም ክፍል ውስጥ ሕፃናትን ጸጥ ለማሰኘት ምንጩ ያልታወቀ ተአምር የሚነገር ከሆነ፣ ያው ልጅ ሲያድግ ስለ ትንሣኤ የነገርነውንም ከዚያ ጋር እንዳይቈጥረው ምን ዋስትና አለን? ተማሪዎቻችን የምንጠይቃቸውን በቃል መልሰው ስለሚሉልን ብቻ አምነዋል ማለት፣ የወደቀው ሁሉ በኀይል ወደቀ እንደ ማለት ነው።

ስለ አሠልጣኞቹ ግን ፍርዳችን የለዘበ ሊሆን ይገባል። አጎስጢኖስ ሐሰተኛ የሚለው በልቡ ሌላ ይዞ በአፉ ሌላ የሚናገረውን ነው። አብዛኞቹ ግን እነርሱም እንዲሁ ተነግሯቸው ያመኑትን አስተላልፈዋል። ዛሬ እውነቱን እያወቀ ተማሪ እንዳይሸሸው ዝም የሚል አሠልጣኝ ግን በዚህ ምሕረት ሊሸሸግ አይችልም። ለመምህር መታዘዝም በራሱ ነቀፋ የለበትም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ምእት ዓመት በሐይቅ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርትን ባስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከተማሩበት አገር ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት፣ እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈው የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍ እስከ ዘመናችን ደርሷል። መምህሩም ደቀ መዝሙሩም የሚዳኙበት አንድ መጽሐፍ በመካከላቸው ነበር ማለት ነው። በስውሩ ኀይል ትምህርት ውስጥ ግን ከመምህሩ በላይ የሚጠየቅ የለም።

ወላጆች ልጆቻችንን እንላክ ወይስ እንከልክል ሲሉ፣ ከልክሉ አንልም። ቤተ ክርስቲያን በትምህርተ ክርስቶስ ቁጥር 2263 እስከ 2265 ራስንና ሌላውን በልክ መከላከልን ትፈቅዳለች፤ ሥልጠናውም ለሰውነት ጤና ነው። አስቀድመው ግን አንድ ቀን ሄደው ይመልከቱ፤ ተማሪው ለምን ብሎ መጠየቅ ይፈቀድለት እንደ ሆነ፣ የሚገጥመውም ልጅ አልወድቅም ማለት ይችል እንደ ሆነ ያስተውሉ። አሠልጣኙ ጠመንጃ ወይም ጩቤ የያዘ ሰው ሲመጣ ሩጡ የሚል ከሆነ መልካም ምልክት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ምን እንደሚያስተምርም ይጠይቁት። በጁዶ ጀማሪው አስቀድሞ የሚማረው ራሱን ሳይጐዳ መውደቅን ነው።