ባልንጀራን ትቶ ስለሚገኝ ክብር

ሰው ለመልካም ሥራው ዋጋ ይጠብቃል። ዋጋው የዘገየ እንደ ሆነ ይታገሣል፤ ፈጽሞ የቀረ እንደ ሆነ ግን «መልካም መሥራቴ ምን ጠቀመኝ?» ይላል። ይህን ጥያቄ እንመረምር ዘንድ ከሩቅ አገር አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ነገሩ የኳስ ጨዋታ ስለ ሆነ አንባቢ ሆይ፥ አትናቀው።

በአሜሪካ አገር፥ በካሊፎርኒያ፥ የኢየሱሳውያን ካህናት በ1855 የመሠረቱት የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል፤ የምጽፈው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ይህ ትምህርት ቤት በ1951 ትንሽ ነበር፤ ነገር ግን በአሜሪካኖች ኳስ፥ ይኸውም እንቁላል የመሰለችውን ኳስ በእጅ ይዘው እየሮጡ በሚጫወቱት፥ እጅግ ብርቱ ቡድን ነበረው። አሠልጣኙ ጆ ኩሃሪክ ነበሩ። በዚያ ዓመት ቡድኑ 9 ጊዜ ተጋጥሞ 9ኙንም ጊዜ አሸነፈ።

ከተጫዋቾቹ መካከል ሁለቱ ጥቁሮች ነበሩ። አንደኛው ኦሊ ማትሰን በዚያ ዓመት ኳስ ይዞ በመሮጥ 1,566 ያርድ ሸፍኖ ከአገሩ የኮሌጅ ተጫዋቾች ሁሉ በለጠ፤ ሁለተኛው በርል ቶለር ደግሞ ተቃራኒን በማስቆም የታወቀ ነበር።

በዚያ ዘመን በአገሪቱ ደቡብ ክፍል ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይተው ይኖሩ ነበር። ብርቱ ቡድን ሁሉ የሚመኘው ግን በአዲስ ዓመት ግድም በደቡብ ከተሞች ለሚደረገው ታላቅ ግጥሚያ መጠራትን ነበር፤ ስምም ገንዘብም የሚገኘው በዚያ ነውና። ለእነዚህም ልጆች ነገሩ እንዲህ ሆኖ ተነገራቸው፤ ማትሰንንና ቶለርን ትተው የመጡ እንደ ሆነ ይጠራሉ፤ ያለዚያ ይቀራሉ። እነርሱም በአንድ ልብ እምቢ አሉ።

ታዲያ ምን አገኙ? ግጥሚያው ቀረባቸው። ትምህርት ቤቱም የኳሱ ወጪ ከገቢው ስለ በለጠበት ያ የጨዋታ ዘመን እንዳለቀ ቡድኑን ዘጋ። አንድም ጊዜ ያልተሸነፈው ቡድን በገንዘብ እጦት ተበተነ።

እዚህ ላይ ብልጥ ሰው ተነሥቶ ይከራከራል። «ሁለት ሰዎች ቤት ቢቀሩ፥ የቀሩት ሁሉ ቢከብሩ፥ ትምህርት ቤቱም ገንዘብ ቢያገኝ አይሻልምን? ደግሞስ ለሁለቱ ምን ተረፋቸው? እነርሱም አልተጫወቱ።» ክርክሩ የዋዛ አይደለም። ነገር ግን አንድ ስሕተት አለበት። የራሱን ድርሻ ለሌላው የሚሰጥ ሰው ለጋስ ይባላል፤ የባልንጀራውን ድርሻ ሰጥቶ የሚከብር ሰው ግን ለጋስ ሊባል አይችልም። የ9ኙ ድል ባለቤቶች ሁለቱም ጭምር ነበሩና፥ እነርሱን ትቶ ወደ ደቡብ የሚሄደው ቡድን ያ ያሸነፈው ቡድን ሊሆን አይችልም ነበር።

ይህን የምጽፈው እንደ ንጹሕ ፈራጅ ሆኜ አይደለም። በአስተማሪነቴ ዘመን ተማሪዎቼን ለእግር ኳስ ውድድር ወደ ሌላ ከተማ ልወስድ ተዘጋጅቼ ሳለሁ፥ የክብር እንግዶች ስለሚገኙ ጫማ የሌለው ልጅ እንዲቀር አንድ የበላዬ አዘዘኝ። ልጁ ከሁሉ የተሻለ ተጫዋች ነበር። እኔም «ለሚመጣው ጊዜ ትሄዳለህ» ብዬው ትቼው ሄድሁ። አሸንፈን ዋንጫ ይዘን ተመለስን። በሰልፉ ላይ ዋንጫው ከፍ ሲል ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበ ያው ልጅ ነበር። እኔ ዐይኑን ማየት አልቻልሁም። የሚመጣውም ጊዜ ሳይመጣ ልጁ ትምህርቱን ትቶ ሄደ።

ወደ ቡድኑ ልመለስ። ማትሰን በ1952 በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ በ400 ሜትር ሩጫ የነሐስ፥ በዱላ ቅብብል የብር ሜዳልያ ተሸለመ። ቶለር በዚያው ዓመት ጉልበቱ ስለ ተጎዳ በደመወዝ መጫወት ሳይችል ቀረ፤ አስተማሪ፥ በኋላም የትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆነ። በ1965 ደግሞ በአገሪቱ ታላቅ ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆኖ ተሾመ። ዩኒቨርሲቲውም በ2006 ለዚያ ቡድን አባሎች የክብር ዶክትሬት ሰጠ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ክብሩ የመጣው ከ50 ዓመት በኋላ ነው፤ ሳያዩት የሞቱም ነበሩ። ክብሩ ከናካቴው ባይመጣስ ኖሮ ሥራቸው ክፉ ይሆን ነበርን? አይሆንም። እነዚያ ወጣቶች እምቢ ባሉበት ቀን ስለ 2006 የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ የሚያውቁት ሁለቱ ባልንጀሮቻቸው አብረዋቸው መቀመጣቸውን ብቻ ነበር።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ክብር በር ላይ ቆሞ በጠራህ ጊዜ «ምን አገኛለሁ?» ከማለትህ አስቀድመህ «ማንን ትቼ ነው የምገባው?» ብለህ ጠይቅ። እኔ ይህን ጥያቄ የጠየቅሁት ዋንጫውን ተቀብዬ ከተመለስሁ በኋላ ነበር።