«ቤተሰብ» ማለት ማን ነው? ስለ ቴሌቪዥን ወጪ፣ ስለ ፓስዎርድና ስለ አማና

 

ከጁምዓ በኋላ ወጣቶች ሰብሰብ ብለው ሲያወሩ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «የእህቴን የኔትፍሊክስ ፓስዎርድ መጠቀም ሐራም ነው እንዴ?» ጠያቂው ብዙ ጊዜ እየሳቀ ነው የሚጠይቀው። መልሱ ግን በሳቅ የሚታለፍ አይመስለኝም። እኔ ኢንጂነር ነኝ እንጂ ዓሊም አይደለሁም፤ ፈትዋ ለመስጠትም አልጻፍኩም። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ስለማውቅና ጥያቄውም ከምናስበው በላይ ከባድ ስለመሰለኝ ነው።

ሰፈራችን ሼፈርድስ ቡሽ የቴሌቪዥን ሰፈር ነው። ዉድ ሌን ላይ ያለው የቢቢሲ ቴሌቪዥን ሴንተር እ.ኤ.አ. በ1960 ተከፍቶ ቢቢሲ እስከ 2013 ድረስ ሠርቶበታል፤ ዛሬ አብዛኛው አፓርታማና ቢሮ ሆኗል። ያኔ ለአብዛኛው ቤት የነበረው ክፍያ አንድ ላይሰንስ ብቻ ነበር። ላይሰንሱ በኤፕሪል 2025 ወደ 174 ፓውንድ ከ50 ፔንስ አድጎ ነበር፤ አሁን በላዩ ላይ ኔትፍሊክስ፣ ዲዝኒ ፕላስና አማዞን ፕራይም አሉ፤ ኳስ ለሚወድ ደግሞ ስካይና ቲኤንቲ ስፖርትስ ይጨመራሉ። ወጪ መቀነስ መፈለግ ነውር የለበትም። ኢስራፍን በሚከለክል ዲን ውስጥ ለምናድግ ሰዎች እንዲያውም የሚገባ ነው። ችግሩ «አተረፍኩ» የምንለው ገንዘብ አንዳንዴ የእኛ ሳይሆን የሌላ ሰው መሆኑ ነው።

ቀላሉን ላስቀድም። እዚህ አገር «ዶጂ ቦክስ» የሚሉት፣ በዓመት ትንሽ ገንዘብ ተከፍሎበት ሁሉንም ቻናል የሚያሳየው ነገር አለ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው ሕጋዊ ደንበኛ ይሆንና ከዲኮደሩ የሚወጣውን ምስል መከላከያውን ሰብሮ ይቀዳል፣ ወደ ሰርቨር ይልከዋል፣ ለአከፋፋዮች በጅምላ ይሸጣል፤ እነሱ ደግሞ በዋትሳፕ ለእኛ በችርቻሮ ይሸጣሉ። ሳጥኑ ራሱ ጥፋት የለበትም፤ ኮዲ የሚባለው ሶፍትዌርም ሕጋዊ ነው። ጥፋቱ በውስጡ የሚፈሰው ላይ ነው። እዚህ አገር በኢንተርኔት የሚፈጸም የቅጂ መብት ጥሰት ከፍተኛ ቅጣት በ2017 በወጣው ሕግ ከ2 ዓመት ወደ 10 ዓመት እስራት ከፍ ብሏል። በሜይ 2023 ፍሎውለስ የተባለውን አገልግሎት ያካሄዱ 5 ሰዎች በድምሩ ከ30 ዓመት በላይ ተፈርዶባቸዋል፤ ከ50,000 በላይ ደንበኞች ነበሯቸው፣ በ5 ዓመት ውስጥም ከ7 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሰብስበዋል። ስለዚህ «ማንም አይጎዳም፣ ገንዘብም አይንቀሳቀስም» የሚባለው እውነት አይደለም። ገንዘቡ ይንቀሳቀሳል፤ ባለቤቱ ጋ አይደርስም እንጂ።

እዚህ ላይ ከወጣቶች የምሰማቸው ሁለት መከራከሪያዎች አሉ። አንደኛው «ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው፣ ሙስሊምም አይደሉም» የሚል ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና ሲሰደዱ ቁረይሾች ሊገድሏቸው እያሴሩ ነበር። ያም ሆኖ እርሳቸው ዘንድ በአደራ የተቀመጠውን ንብረት ለባለቤቶቹ እንዲመልስ ዐሊይን (ረ.ዐ.) መካ ትተውት ሄዱ። አደራው የማን ነበር? የጠላቶቻቸው ነበር። ወደ ሐበሻ የተሰደዱትም ሶሐቦች በአንድ ክርስቲያን ንጉሥ ጥበቃ ሥር ኖረዋል። ወላጆቻችን እዚህ አገር የገቡት በተመሳሳይ ቃል ኪዳን ነው፤ ቪዛም ይሁን ጥገኝነት ስሙ እንጂ ነገሩ አማን ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ ይበልጥ ያስቃል፦ «ፊልሙ ራሱ ሐራም ከሆነ ባይከፈልበት ምን አለ?» የሚለው። የማይታይ ነገር ከሆነ አለመክፈል እንዲታይ አያደርገውም። የሚታይ ከሆነ ደግሞ ባለቤት አለው። በጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ የድርሰትና የፈጠራ መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁ ናቸው፣ ሊጣሱም አይገባም ሲል ወስኗል። ይህ የነጮች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መንዙማ በካሴት ይሰራጭ በነበረበት ዘመን አንድ ካሴት ተገዝቶ አሥር ሲቀዳ ያዩ ወላጆች አሉን። ኢትዮጵያም በ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410ን አውጥታለች። የወሎው መንዙማ አቅራቢ ትልቅ ኩባንያ አይደለም፤ ሐቁ ግን ከትልቁ ኩባንያ ሐቅ የተለየ ስም የለውም።

አሁን ወደ እህት ፓስዎርድ ልመለስ፤ እኔን ያስቸገረኝ ይሄኛው ነው። ይህ ከዶጂ ቦክስ ጋር አንድ አይደለም። እዚህ የከፈለ ሰው አለ፣ ስምምነትም አለ። ጥያቄው ስምምነቱ ማንን ይጨምራል የሚለው ነው።

ኔትፍሊክስ «ሃውስሆልድ» የሚለው በዋናነት ቴሌቪዥን በምታዩበት ቦታ ያለውን ኢንተርኔት የሚጋሩ መሣሪያዎችን ነው። አማርኛው ያለን ቃል «ቤተሰብ» ነው። ቤተሰብ ግን በዋይፋይ አይለካም። አግብታ ሃርልስደን የገባች እህት ቤተሰብ አይደለችም? ሌስተር የሚማረው ወንድምስ? እኛ ዘንድ ድስት ከቤት ቤት ይመላለሳል፣ ልጅ የአክስቱ ቤት አድሮ ይመጣል፣ የአንዱ መኪና የሁሉም ነው። እንዲህ ላደገ ሰው «እህትህ የአንተ ቤተሰብ አይደለችም» የሚል ውል ማንበብ ትንሽ ያስቆጣል። እኔንም ያስቆጣኛል። ውሉ የተጻፈው የእኛን ዓይነት ኑሮ በማያውቅ ሰው እጅ ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ግን ቁጣው ትክክል መሆኑ ፓስዎርዱን ሐላል ያደርገዋል? ድስቱን ማዋስ የምንችለው ድስቱ የእኛ ስለሆነ ነው። ፊልሙ የእኛ አይደለም። የከፈልነው ለአገልግሎት ነው፤ በፊቅህ ቋንቋ ወደ ኢጃራ፣ ወደ ኪራይ ይቀርባል። ዋይት ሲቲ ኢስቴት ውስጥ የካውንስል ቤት የተከራየ ሰው እህቱን ለእራት መጥራት ይችላል። ቤቱን ግን ካውንስሉ ሳያውቅ አሳልፎ ሊያከራያት አይችልም፤ ፍቅሩ ስላነሰ ሳይሆን ቤቱ የእሱ ስላልሆነ ነው። እህቴም ቤቴ መጥታ ሶፋዬ ላይ ተቀምጣ ብታይ ማንም የሚናገራት የለም።

በፊት ግን ጉዳዩ እንዲህ ግልጽ አልነበረም፤ ይህንን በሐቅ መናገር ያስፈልጋል። ኩባንያው ራሱ በ2017 ትዊተር ላይ ፍቅር ማለት ፓስዎርድ መጋራት ነው የሚል ነገር ጽፎ ነበር። በ2022ም ከ100 ሚሊዮን በላይ ቤቶች ሳይከፍሉ በሰው አካውንት እንደሚያዩ እንደሚያውቅ ለባለአክሲዮኖቹ ጽፏል። ፉቀሃዎች ሰዎች የለመዱት ዑርፍ በውል እንደተጻፈ ሸርጥ ይቆጠራል ይላሉ፤ የዑስማኒያው መጀላም ይህንን መርሕ አስፍሮታል። ስለዚህ ያኔ «ባለቤቱ እያየ ፈቅዷል» ማለት መነሻ ነበረው። በሜይ 2023 ግን ኩባንያው እዚህ አገር በሩን ዘጋ፤ ከቤት ውጭ ላለ ተጨማሪ ሰውም በወር 4 ፓውንድ ከ99 ፔንስ ጠየቀ። ባለቤቱ በግልጽ ከተናገረ በኋላ ዑርፍ አያድንም። ሱረቱል ማኢዳ የሚጀምረው ምእመናን ውሎቻቸውን እንዲሞሉ በማዘዝ ነው፤ «እስማማለሁ» የሚለውን ቁልፍ ስንጫን ሳናነብ መጫናችን ቃላችንን አያቀለውም። ስለዚህ የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ለእህታችሁ ማካፈል ከፈለጋችሁ ተጨማሪውን ክፈሉላት። ያ ስጦታ ነው፣ ዝምድናን መቀጠልም ነው። ዋይፋዩን የሚያታልል ቪፒኤን ማስተካከል ግን ስጦታ አይደለም፤ በራሳችሁ ኪስ አልቸራችሁምና።

«ጨዋታው ጭራሽ ካልተሸጠስ?» የሚል ደግሞ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በእንግሊዝ ሰዓት በ3 የሚጀመሩ ጨዋታዎች እዚህ አገር በቀጥታ አይተላለፉም፤ ገንዘብ ይዛችሁ ብትለምኑም የሚሸጥላችሁ የለም። ደንቡ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያለ ሲሆን ዓላማው ሰው ቤቱ ቀርቶ የትናንሽ ክለቦች ስታዲየም ባዶ እንዳይሆን ነው። ሎፍተስ ሮድ ያለው የሰፈራችን ኪው ፒ አር ከሚጠበቁት ውስጥ ነው። የማይሸጥ ነገር ሁሉ በነፃ የሚወሰድ አይደለም።

ላይሰንሱን በተመለከተ ደግሞ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ። ቢቢሲ ካላየን የማያስፈልግ ይመስለናል። ሕጉ ግን በማንኛውም ቻናል፣ የውጭ አገር ቻናልም ቢሆን፣ በቀጥታ የሚተላለፍ ቴሌቪዥን ማየትን ይጨምራል፤ ከሴፕቴምበር 2016 ጀምሮ አይፕሌየርንም ይጨምራል። እናቶቻችን በዲሽ በቀጥታ የሚያዩት የኢትዮጵያ ቻናል ላይሰንስ ያስፈልገዋል። በረመዳን ከመካ በቴሌቪዥን በቀጥታ የሚተላለፈው ተራዊሕም እንዲሁ። ለዒባዳ የምናየውን ነገር ሕግ ጥሰን ማየት ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ አስቡት። (ዩኒቨርሲቲ ላላችሁ፦ ወላጆቻችሁ ላይሰንስ ካላቸው በራሱ ባትሪ ብቻ በሚሠራ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ማየት ትችላላችሁ፤ ቻርጀሩ ከተሰካ ግን ሽፋኑ ያበቃል። ይህንን የጻፈው ሰው ኢንጂነር ሳይሆን አይቀርም።)

በሐላል የሚቀነሰው ወጪ ከምታስቡት ይበልጣል። በቀጥታ የሚተላለፍ ቴሌቪዥንና አይፕሌየር ጭራሽ የማታዩ ከሆነ ላይሰንስ አያስፈልጋችሁም፤ ይህንኑ አሳውቃችሁ ማቆም ትችላላችሁ። አይቲቪኤክስና ቻናል 4 ላይ ያለፉ ፕሮግራሞችን ያለ ላይሰንስ ማየት ይቻላል። ሬዲዮ ከ1971 ጀምሮ ላይሰንስ የለውም፤ ኳስ በሬዲዮ መስማት አባቶቻችን የሚያውቁት ደስታ ነው። ስትሪሚንጎቹን ደግሞ ሁሉንም በአንዴ ከመያዝ አንድ ወር አንዱን፣ ሌላ ወር ሌላውን መያዝ ይቻላል። ረመዳን ሲገባ ሁሉንም መዝጋትም አለ፤ ከዒድ በኋላ የትኛውን መመለስ እንደረሳችሁ ታያላችሁ።

አንድ ሥራ ግን ዛሬውኑ መሥራት የምትችሉት ነው። ዕድሜያቸው 75 የሞላና ፔንሽን ክሬዲት የሚያገኙ ሰዎች ላይሰንሱን በነፃ ያገኛሉ፤ ማመልከት ግን ይኖርባቸዋል፤ ቅጹ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። አያታችሁ ወይም የጎረቤታችሁ አዛውንት በየዓመቱ እየከፈሉ እንደሆነ ጠይቋቸው፤ ፔንሽን ክሬዲቱንም ሳይጠይቁት የቀሩ ከሆነ መጀመሪያ ከእሱ ጀምሩላቸው።

ወላሁ አዕለም።