ያላዩት ምልክት

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላል ያገራችን ሰው። ያላዩት ምልክት ግን ያስከፍላል። ባለፈው ሰሞን ታክሲ ነጂ ከሆነ ወዳጄ ጋር አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መታጠፊያ እንዳለፍን ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። «መግባት ክልክል ነው፤ ምልክቱን አላየህም?» ወርደን ፈለግነው። ምልክቱስ አለ፤ የዛፍ ቅርንጫፍ ለብሶ ቆሟል። ፖሊሱ ከቆመበት ቦታ ቀይ ክቡ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ከመሪው ኋላ ለተቀመጠ ሰው ግን የሚታየው ቅጠል ብቻ ነው። የቅጣቱ ወረቀት ተጻፈ።

ለመሆኑ ሰው ሊያየው ባልቻለው ትእዛዝ ይጠየቃልን? «ሕግን አለማወቅ ከቅጣት አያድንም» ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ወዳጄ ግን ሕጉን ያውቃል፤ ነጭ አግዳሚ ያለበት ቀይ ክብ ምን ማለት እንደሆነ ለመንጃ ፈቃዱ ተፈትኖበታል። ያላወቀው ክልከላው እዚህ መንገድ ላይ መኖሩን ነው። የመንገድ ቅጣት የራሱ ደንብ ቢኖረውም፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን እንኳ በፍሬ ነገር መሳሳትን በአንቀጽ 80፣ ሕግን አለማወቅን በአንቀጽ 81 ለይቶ ነው የሚያያቸው።

አባቶቻችን አዋጅ ሲያወጡ ነጋሪት ያስጎስሙ ነበር፤ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባላል። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ የሚታወጅበት ጋዜጣም ስሙን የወረሰው ከዚያው ከበሮ ነው። መስማት የታዛዡ ዕዳ ከሆነ፣ ማሰማት የአዛዡ ዕዳ ነው። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ካሊጉላ ግን፣ ስዌቶኒዩስ እንደጻፈው፣ ግብር ጥሎ ሕጉን ሳይሰቅል ቆየ፤ ሕዝቡ ሳያውቅ ጥፋተኛ እየሆነ ቢጮህ ጊዜ፣ ማንም እንዳይገለብጠው በደቃቅ ፊደል አስጽፎ ጠባብ ቦታ ላይ ሰቀለው። የካሊጉላስ ተንኮል ነው። የእኛ ቅርንጫፍ ተንኮል የለውም፤ የሚከረክመው ያጣ ብቻ ነው። ለሚቀጣው ሰው ግን ሁለቱም ያው ናቸው።

«እንዲህ ከሆነማ ሁሉም አላየሁም ይላል» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን «አላየሁም» ማለትና «አይታይም» ማለት ይለያያሉ። የመጀመሪያውን ለማወቅ የሰው ልብ መመርመር ያስፈልጋል፤ ሁለተኛውን ግን አቤቱታ የሚሰማው ሹም በነጂው ወንበር ላይ ተቀምጦ በዓይኑ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ወዳጄን አቤት በል አልኩት። «ለዚህ ብዬ አንድ ቀን ታክሲዋን ካቆምኩ ከቅጣቱ በላይ እከስራለሁ» አለና ከፈለ። አልፈረድኩበትም። ሆኖም ሁላችንም እንዲህ እየከፈልን በሄድን ቁጥር መዝገቡ ላይ የሚቀረው የእኛ ጥፋት ብቻ ነው፤ ቅርንጫፉ ማንም ሳይነካው ያድጋል።

በማግስቱ በዚያው በእግሬ ሳልፍ፣ አንድ ሊስትሮ ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ ሊታጠፍ ለሚመጣው መኪና ሁሉ እጁን ያወናጭፋል፤ «ዝግ ነው! ዝግ ነው!» ያዘዘው የለም፤ የሚከፍለውም የለም። የሰማው ላልሰማ እያሰማ ነበር።