የባዳ እጅና የሰው ዕቃ

ሰው ከዕቃው ጋር ያለው ግንኙነት ከሰው ጋር ያለውን ግንኙነት የሚያሳይ መስተዋት ነው። አንድ ሰው «የእኔ» የሚለውን ነገር ሌላው ሲነካበት የሚያሳየው ጠባይ፣ ስለ ሀብት ካለው አመለካከት አልፎ ስለ ሰው ልጅ ክብር ያለውን ግምት ይገልጣል። በአዳራሽ ስለ ፍትሕና ስለ እኩልነት ብዙ የተናገረ ሰው፣ ከአዳራሹ ወጥቶ በደጅ ባቆማት ሞተር ብስክሌት ላይ የማያውቀው ሰው ተቀምጦ ሲያገኝ የሚናገራት የመጀመሪያዋ ቃል ከንግግሩ ሁሉ ይበልጥ ማንነቱን ታስረዳለች። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል፤ ይሁንና የሰው ጠባይ ተፈትኖ የሚታወቀው በየዕለቱ በሚያጋጥሙት እንዲህ ባሉ ትንንሽ ነገሮች ነው።

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ምድር፣ ሞተር ብስክሌት የቅንጦት ዕቃ አይደለችም። ከጣርማ በር ተገንጥሎ በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ የሚዘልቀውን መንገድ፣ ጀማና ወንጭት የቦረቦሩትን ገደልና ሸለቆ የሚያውቅ ሰው፣ አንድ የግብርና ወይም የእንስሳት ሕክምና ባለሙያ ከወረዳው ከተማ ወጥቶ ከገበሬው ማሳ ለመድረስ ብዙ አማራጭ እንደሌለው ይረዳል። እግር አለ፤ በቅሎ አለች፤ ሞተር ብስክሌት አለች። ስለዚህም ሞተር ብስክሌቷ ከሕዝብ መካከል ትቆማለች፤ በገበያ ዳር፣ በጽሕፈት ቤት ደጃፍ፣ በትምህርት ቤት አጥር ሥር። በቆመችም ቁጥር እጅ ይዘረጋባታል።

በአንድ የገበያ ዕለት ሊሆን የሚችለውን በምሳሌ መመልከት ይበቃል። አንድ ባለሙያ ሞተር ብስክሌቱን በመደገፊያዋ አቁሞ ወደ ጽሕፈት ቤት ይገባል። ሲመለስ ሦስት ሰዎች ከበዋት ያገኛል። የደጋው ብርድ እጁን ያደነዘዘው አንድ እረኛ ልጅ ገና ካልቀዘቀዘው ሞተር ተጠግቶ መዳፉን ያሞቃል። በርኖስ የደረቡ አንድ ሽማግሌ የነዳጅ ቋቷን በዝግታ ይዳብሳሉ፤ ጎንበስ ብለውም ሰንሰለቷን ይመረምራሉ። ሦስተኛው ጎረምሳ ነው፤ ከወንበሯ ላይ ወጥቶ፣ መሪዋን ግራና ቀኝ እያዞረ፣ ጓደኞቹ ፎቶግራፍ እንዲያነሡት ያዛቸዋል። ባለሙያው ከሩቅ «ውረድ! ዞር በሉ ከዚያ!» ሲል ይጮኻል። ልጁ ይሸሻል። ጎረምሳው እየሣቀ ይወርዳል። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ በርኖሳቸው መልሰው ምንም ሳይናገሩ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

ጥያቄው የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ባለሙያው ለሦስቱ አንድ ቃል ሰጠ፤ ሦስቱ የፈጸሙት ግን አንድ ድርጊት ነበርን? ልጁን ወደ ሞተሯ የሳበው ችግር ነው፤ ሙቀት ፈልጎ ነው። ሽማግሌውን የሳባቸው ዕውቀት ነው፤ እጃቸው አንደበታቸው ያልደፈረውን ጥያቄ ይጠይቅ ነበር። ጎረምሳው ግን የባለቤቱን ስፍራ ወስዷል። ለጊዜውም ቢሆን በሌላው ዕቃ ራሱን ሌላ ሰው አድርጎ ሊያሳይ ወድዷል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። እንግዲህ በመንካትና በመቀመጥ መካከል ያለው ልዩነት የድፍረት መጠን ብቻ አይደለም፤ የሚነካ ሰው ዕቃው የሌላ መሆኑን እንዳወቀ ይነካል፣ ሳያስፈቅድ የሚቀመጥ ግን ባለቤቱን ከሐሳቡ አውጥቶታል።

ይህን ልዩነት የደጋው ሕዝብ ከሞተር ብስክሌት ጋር የተማረው አይደለም። እንግዳ በበቅሎ ሲመጣ የቤቱ ልጅ ሮጦ ልጓሙን ይቀበላል፤ እርካቡን ይይዛል፤ ኮርቻውን አውርዶ በቅሎዋን ሣር ያቀርብላታል። እንግዳው ይህን እንደ ድፍረት አይቆጥረውም፤ እንዲያውም በቅሎውን የሚቀበለው ቢያጣ እንደ ተናቀ ይሰማዋል። ያው ልጅ ግን ልጓሙን ከተቀበለ በኋላ ሳይፈቀድለት ኮርቻው ላይ ወጥቶ በመንደሩ ቢዞር፣ ከአባቱ ዘንድ የሚጠብቀው ምርቃት አይሆንም። እጁ ያው እጅ፣ በቅሎዋም ያችው በቅሎ ናት። መጀመሪያ እጁ ለእንግዳው አገለገለ፤ ኋላ እንግዳውን ረሳ። ደግሞም በቅሎ የባለቤቷን መብት በከፊል ራሷ ታስከብር ነበር፤ ባዳ ከኋላዋ ሲጠጋ እርግጫዋን ታቀምሰዋለችና። ሞተር ብስክሌት ግን ወዳጅና ባዳ አትለይም፤ የተቀመጠባትን ሁሉ ዝም ብላ ትሸከማለች። በቅሎዋ በእርግጫዋ ትጠብቀው የነበረውን ወሰን አሁን መጠበቅ ያለበት የሰው ጨዋነት ነው።

አዲስ ነገርን በእጅ የመመርመር ፍላጎትም የባላገር ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል አዲስ አበባ በደረሰች ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ተሳፍረውባት ሞክረዋታል። ንጉሡ በመኪና ላይ ሲወጡ አስተዋይነት የሚባለው፣ ገበሬው የነዳጅ ቋት ሲዳብስ ድፍረት ከተባለ፣ ሚዛኑ የሚመዝነው ድርጊቱን መሆኑ ቀርቶ ሰውን መሆኑ ነው። ጠመዝማዛ ብረት ያለ እንስሳ ጉልበት እንዴት እንደሚሮጥ ማወቅ የፈለገ ሽማግሌ፣ ትምህርት ቤት በልጅ ሊፈጥረው የሚደክምለትን የመመርመር መንፈስ ሳይማር ይዞታል።

ሕጉ ስለዚህ ጉዳይ ምን ይላል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1140 ይዞታን ሰው በአንድ ነገር ላይ በእውነት የሚያሳየው አዛዥነት ነው ብሎ ይተረጉማል። በቁጥር 1148 ደግሞ ባለይዞታው ይዞታውን የሚያውክበትን ሰው በኃይልም ቢሆን ሊከላከል እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ወዲያው ሁኔታው ከሚጠይቀው ያለፈ የኃይል ሥራ እንዳይሠራ ይከለክለዋል። ስለዚህ በልጁ ላይ የሚነሣ አለንጋ በባለቤትነት ስም ሊጸድቅ አይችልም። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው ቁጥር 2081 ነው። በዚህ ቁጥር መሠረት የመኪና ወይም የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ ዕቃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ያልተፈቀደለት ሰው በያዘው ጊዜ እንኳ ኃላፊ ነው፤ የሚድነው ንብረቱ ተሰርቆበት እንደ ነበር ያስረዳ እንደ ሆነ ነው። ሕጉ ለባለቤቱ ሥልጣን የሰጠውን ያህል ሸክምም ጭኖበታል። ሞተር ብስክሌት በብዙው ከመቶ ኪሎ በላይ ትመዝናለች፤ በለስላሳ አፈር ላይ የቆመች ብትወድቅ የሕፃን እግር ትሰብራለች። ማርሚታዋ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ለብዙ ደቂቃ የባዶ እግርን ቆዳ ለመላጥ የሚበቃ ትኩሳት ይይዛል። እጁን ሊያሞቅ የተጠጋውን እረኛ ባለቤቱ ሊከለክለው ይገባ ነበር፤ የመከልከሉ ምክንያት ግን የብረቱ ቀለም መሆኑ ቀርቶ የልጁ ቅልጥም መሆን ነበረበት። ከሁለቱ በየትኛው ምክንያት እንደተከለከለ ደግሞ ልጁ ከድምፁ ያውቀዋል።

ፈላስፎችም በዚህ ነገር ተለያይተዋል። ሔግል እ.ኤ.አ. በ1821 በወጣው የመብት ፍልስፍናው ሰው ፈቃዱን በዕቃ ላይ በማሳደር ዕቃውን የራሱ እንደሚያደርገው አስተምሯል፤ በዚህ አስተሳሰብ ዕቃውን ያለ ፈቃድ የነካ ሰውየውን እንደ ነካው ይቆጠራል። ሩሶ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1755 ባወጣው ድርሰት የሰው ልጅ መከራ ብዙው ክፍል «የእኔ» ከሚለው ቃልና ይህን ቃል ሳይመረምሩ ከተቀበሉት ሰዎች የዋህነት እንደ መነጨ ተከራክሯል። የገበያው ጎረምሳ ሁለቱንም ሳያነብ የሩሶን ወገን ይዟል። ውረድ ሲባል መልሱ ዝግጁ ነው፤ «ያንተ አይደለች፤ የመንግሥት ናት። የመንግሥት ከሆነች የሕዝብ ናት፤ የሕዝብ ከሆነች የእኔም ናት» ይላል።

ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ በስላቅ ሊታለፍም አይገባውም። መልሱ ግን ከሩቅ መምጣት አያሻውም፤ ከዚያው ከመንዝ ይገኛል። የጓሳ ሣር የማንም ሰው የግል ሀብት ሆኖ አያውቅም። የአካባቢው ባላገር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአጽመ ርስት ሲካፈለው፣ በቀሮ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ በተዘጋበት ጊዜ ከብት የሚያሰማራበት፣ ማጭድ የሚያሳርፍበት ሰው ቅጣት ያገኘዋል፤ ሲከፈትም ለሁሉ በሥርዓት ይከፈታል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ የቀሮው ሥርዓት ሲፈርስ ሣሩ ለጉዳት ተጋለጠ፤ ሕዝቡም ጓሳውን በማኅበረሰብ ጥበቃ እንደገና ሊያጠብቀው ግድ ሆነበት። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የጋራ የሆነ ነገር ባለቤት የሌለው ነገር አይደለም፤ ብዙ ባለቤት ያለው በመሆኑ ከግሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል። የጎረምሳው ድርሻ ሞተር ብስክሌቷ ላይ መቀመጡ አይደለም፤ በጎቹ በታመሙ ጊዜ ሐኪሙን ይዛ በሰዓቱ መድረሷ ነው። የፍሪሲዮን እጀታዋ በጨዋታ ቢሰበር የሚቀርበት ይኸው ድርሻው ነው።

ይህ ክርክር ግን በሁለት በኩል የተሳለ ነው። ጎረምሳው የጋራውን እንደ ግሉ ሊያደርግ እንደማይገባው ሁሉ፣ ባለሙያውም በአደራ የተሰጠውን ዕቃ የክብሩ ማሳያ ሊያደርግ አይገባውም። ሞተር ብስክሌቷ የተገዛችው ወደ ሽማግሌው ማሳ እንድትሄድ ነው። ሽማግሌው ከእርሷ ላይ በቁጣ ከተባረሩ፣ መሣሪያዋ ከተገዛችበት ዓላማ በላይ ሆናለች ማለት ነው።

ባለሙያውን ያለ ምሕረት መፍረድም ፍትሕ አይሆንም። እርሱ ያደገው ምናልባት በትልቅ ከተማ ነው፤ በዚያ ወደ ቆመች ሞተር ብስክሌት የሚዘረጋ እጅ አስቀድሞ የሚያሳስበው ሌብነትን ነው። በአዲስ አበባ ከሞተር ብስክሌት ጋር የተያያዘው ዘረፋ ከመብዛቱ የተነሣ የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ሞተር ብስክሌት ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። ከዚያ የመጣ ሰው ፍርሃቱን ይዞ ቢመጣ አያስደንቅም። በዚህ ላይ ድካም አለ፤ የተሰበረ ስፖኪዮ የሚያስከትለው ወጪ አለ፤ መለዋወጫ የሚገኝበት ከተማ ሩቅ ነው። በየገበያው ቀን የሚመጣውን እጅ ሁሉ በፈገግታ ተቀበል ማለት ከሰው መልአክነትን መጠየቅ ይሆናል። ስለዚህ ባለቤት «አይሆንም» የማለት መብቱ ሊጠበቅለት ይገባል። «አይሆንም» ራሱ ስድብ አይደለም፤ ስድብ የሚሆነው ምክንያቱ ሲነፈግና ሰውየው እንደ ዝንብ ሲባረር ነው።

በሌላ በኩል የሚነካውም ሰው ግዴታ አለበት። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ይላል ተረቱ። ለመንካት ፈቃድ መጠየቅ ሰውን አያዋርድም። ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው የባለቤቱን መኖር ይመሰክራል፤ ባለቤቱም ሲፈቅድ የሚሰጠው የዕቃውን መነካት ብቻ አይደለም፣ ባዳውን እንግዳ ያደርገዋል። ሳይጠይቅ የወሰደ ሰው ግን ባለቤቱን የመስጠት ደስታ ነጥቆታል፤ ሊለግስ ይችል የነበረውን ሰው ዘብ አድርጎ አቁሞታል። እንዲሁም ለጥያቄ ፊት የማይሰጥ ባለቤት፣ በግልጽ ሊለመን ይችል የነበረውን ነገር ጀርባውን ሲያዞር እንዲነካ ያደርጋል። የአንዱ ንፍገት የሌላውን ድፍረት፣ የሌላው ድፍረት የዚያን ንፍገት ይወልዳል።

እንግዲህ በገበያው ዳር ሦስት መልስ ያስፈልግ ነበር። ለልጁ «አትጠጋ፣ ያቃጥልሃል» የሚል የአባት ቃል፤ ለጎረምሳው በጓደኞቹ ፊት ሳይዋረድ፣ ሳይለዝብለትም፣ «ውረድ ወንድሜ፤ ብትጠይቀኝ መልካም ነበር» የሚል ጽኑ ቃል፤ ለሽማግሌው ደግሞ «ይመልከቱት አባቴ፤ ይህ ሰንሰለቱ ነው፣ ኃይሉን ወደ ኋላ እግሯ የሚወስደው እርሱ ነው» የሚል ማብራሪያ። ሦስቱም ተደምረው ከጩኸቱ ብዙ የሚረዝም ጊዜ አይወስዱም።

ጩኸቱ ያስከፈለው ዋጋ ግን ከገበያው በኋላ ሊታይ ይችላል። ያው ባለሙያ በሌላ ቀን ገብስ ላይ ዋግ ታየ ተብሎ ይጠራና በዚያችው ሞተር ብስክሌት ወደ አንድ ቀበሌ ይወርዳል። ማሳው የሽማግሌው ሆኖ ያገኘዋል። ባለሙያው እንደ ሙያው ልማድ ማንንም ሳያስፈቅድ ወደ ገብሱ ይገባል፤ ጎንበስ ብሎ ቅጠሉን ይዳብሳል፤ አንድ ዛላ ቀጥፎ በመዳፉ ያሻል። ያን ገብስ ሽማግሌው አርሰውታል፣ አርመውታል፣ ከብትና ወፍ ጠብቀውለታል። ርስት በሰው ልብ ምን ያህል ሥር እንደሚሰድ በመንዝ የሚጠፋው የለም። የባዳ እጅ በሰው ዕቃ ላይ ማለት ይህ ነው፤ «ዞር በል ከዚያ» ለማለትም ሙሉ መብት አላቸው።

ሽማግሌው ከዳር ቆመው ለጊዜው ያዩታል። ከዚያም «ግባ ልጄ፤ ወደ ውስጥ ግባና እየው። የባሰው እዚያ ነው» ይሉታል።