ስለ ቀዝቃዛ ባሕርና ስለ ባልንጀራ አደራ

ወዳጄ ሆይ፤ ሰው ለደስታው ሲል ነፍሱን በአደጋ አጠገብ ሊያቆም ይገባዋልን? ገብቶ ሲያደርገውስ ባልንጀራውን ይዞ ሊሄድ ይችላልን? ነገር በባዶ ሜዳ ሲነገር ቶሎ ይበተናልና፥ ይህን ጥያቄ በአንድ በሚታይ ነገር ላይ አቁመን እንመርምረው። ይኸውም በቀዝቃዛ ባሕር፥ ማዕበልን በገላ ብቻ መጋለብ የሚባለው ጨዋታ ነው።

አስቀድሞ ጨዋታው ምን እንደ ሆነ መረዳት ያሻል። ዋናተኛው ሳንቃ አይዝም፥ ታንኳም የለውም። ማዕበሉ ከኋላው ሲነሣ ጥቂት ይዋኝና፥ አንድ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ገላውን እንደ በትር አቅንቶ፥ በሚሰበረው ውኃ ፊት ላይ ተንሸራትቶ ወደ ዳር ይመጣል። መሣሪያው በእግሩ የሚያጠልቀው፥ እንደ ዳክዬ እግር የሰፋ ጎማ ነው። ባሕሩ በሚቀዘቅዝበት አገር ግን ወፍራም የጎማ ልብስ ይጨምርበታል።

በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ፥ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፥ ኦሽን ቢች የሚባል ረዥም አሸዋማ ዳርቻ አለ። ሰው ካሊፎርኒያ ሲባል ሞቃት አገር ብቻ ይመስለዋል፤ የዚያ ባሕር ሙቀት ግን ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት፥ ከሰሜን የሚወርደው የባሕር ጅረት ቀዝቃዛ ስለ ሆነ፥ ደግሞም በጸደይ ወራት ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ የላዩን ውኃ ከዳር ሲያርቀው፥ የጥልቁ ቀዝቃዛ ውኃ በስፍራው ስለሚወጣ ነው። ማዕበሉም በሰሜን ፓሲፊክ ከተነሣ ከሩቅ ዐውሎ ነፋስ ተወልዶ፥ ብዙ መቶ፥ አንዳንዴም ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጕዞ ይደርሳል።

በዚህ ውኃ ሰው እንዲቈይ ያስቻለውን የጎማ ልብስ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፥ ያሰበው ሂው ብራድነር የሚባል የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ ነው። በ1952 ጃክ ኦኒል በዚያው በሳን ፍራንሲስኮ ለማዕበል ጋላቢዎች ሱቅ ከፈተ፤ ልብሱም ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተሻለ በዓለም ሁሉ ተሠራጨ። በጎማው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች የገላውን ሙቀት ያቈዩለታል። ልብሱ ጊዜን ያረዝማል፤ ማስተዋልን ግን አይጨምርም።

ውኃ የሰውን ሙቀት ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። ጎርደን ጊስብሬክት የሚባሉ የካናዳ ሊቅ ነገሩን ለማስታወስ በሚመች በሦስት ቍጥር አስተምረዋል፤ እጅግ በቀዘቀዘ ውኃ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለመግዛት 1 ደቂቃ፥ እጅና እግሩን ለማዘዝ 10 ደቂቃ፥ በቅዝቃዜ ራሱን እስኪስት ድረስ ደግሞ 1 ሰዓት ያህል አለው። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚጠፋው ቅዝቃዜው አጥንቱ እስኪደርስ ቈይቶ አይደለም፤ በመጀመሪያው ደቂቃ ሳያስበው ሲያቃስት ውኃ ስለሚውጥ፥ ወይም ጥቂት ቈይቶ ክንዱ አልታዘዝ ስለሚለው ነው። አባቶቻችን፥ «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

አሁን እንበል፤ ሁለት ባልንጀሮች ከሳክራሜንቶ ከተማ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተው፥ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘው ጎሕ ሲቀድ ዳርቻው ላይ ደረሱ። ለዚህ ቀን ገንዘብ አጠራቅመዋል፥ ከሥራም ፈቃድ ጠይቀዋል። ባሕሩን ባዩት ጊዜ ግን ማዕበሉ ካሰቡት ይልቅ ከፍ ብሏል፤ በነጩ አረፋ መካከልም ጸጥ ያለ የሚመስል ጠቈር ያለ መንገድ ይታያል። ያ ጸጥታ ውሸት ነው፤ ወደ ጥልቁ የሚመለስ ጅረት ነውና። እንዲህ ያለው ጅረት ሲበረታ በአንድ ሴኮንድ ከ2 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ የትኛውም ዋናተኛ ፊት ለፊት ታግሎ አያሸንፈውም። የተያዘ ሰው ሳይታገል ተንሳፎ፥ እጁን አንሥቶ ረዳት መጥራት፥ ቢችልም ከዳሩ ጋር ትክክል ወደ ጎን ዋኝቶ ከጅረቱ መውጣት ይገባዋል።

አንደኛው፥ «እንግባ» አለ። ሁለተኛው ልቡ ፈርቷል፤ ነገር ግን ይሉኝታ ያዘውና ዝም ብሎ ልብሱን ይለብስ ጀመር።

ወዳጄ ሆይ፤ የጥያቄያችን ሥር ያለው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ሰው ባልንጀራውን ያከበረ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን የሚያስፈልገውን ነገር ከለከለው። ባልንጀራው በሁለት ዓይን የሚያይ መስሎት በአንድ ዓይን ብቻ እያየ ይገባልና። ደግሞም ከውኃው ውስጥ አንዱ ቢደክም ሌላው ሊያድነው መሄዱ አይቀርም። ሌላውን ሊያወጡ ገብተው ራሳቸው የሰጠሙ ሰዎች ብዙ ናቸው። እንግዲህ በዳር ላይ ያልተነገረው አንድ ቃል፥ በውስጥ የሁለት ሰው ነፍስ ሊያስከፍል ይችላል።

የመጀመሪያውም ንጹሕ ነኝ ሊል አይችልም። በፊት ሌላውን፥ «ፈራህ እንዴ?» እያለ ሲዘብትበት የኖረ እንደ ሆነ፥ የእውነትን በር በገዛ እጁ ዘግቷል። ሰው ፍርሀቱን ሊነግርህ የማይደፍር ከሆነ፥ ባልንጀራ አላገኘህም፤ ተከታይ ብቻ አገኘህ።

ምናልባት፥ «አደጋ የሌለበት ኑሮ የታለ? ገበሬ የሞላ ወንዝ ይሻገራል፥ ሐኪምም ወደ ተላላፊ በሽተኛ ይቀርባል» ትለኝ ይሆናል። መልካም ብለሃል። ደስታም ከንቱ ነው አልልህም፤ በማዕበል ተሸክሞ የመጣ ሰው ትንሽነቱን ተረድቶ፥ ልቡ ታድሶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ነገር ግን ገበሬው ወንዙን የሚሻገረው ልጆቹ እህል ስለሚጠብቁ ነው፤ ሐኪሙም የሚቀርበው በሽተኛው እስከ ነገ ስለማይቈይለት ነው። ጨዋታ ግን ለሌላ ቀን ይቈያል። ግዴታ ያመጣብህን አደጋ መቀበል ጀግንነት ነው፤ ሊቀር የሚችለውን አደጋ በእልክ ማሳደድ ግን ድፍረት ብቻ ነው። የደከምህበት መንገድና ያወጣኸው ገንዘብም ምክንያት አይሆኑህም፤ ብትገባም ባትገባም አይመለሱልህምና።

በሌላ ወገን፥ ጥንቃቄን የስንፍናው መጋረጃ የሚያደርግ ሰው አለ። እርሱ ሁልጊዜ ከዳር ቆሞ የሚገቡትን ይነቅፋል። እውነተኛው ጠንቃቃ ግን አስቀድሞ ይሠራል፤ በተረጋጋ ውኃ ይለማመዳል፥ ልማደኛውን ይጠይቃል፥ ብቻውን አይገባም፥ ከመግባቱም በፊት ባሕሩን ቈሞ ያያል። ባሕሩ የተመቸ ቀን በደስታ ይገባል፤ ያልተመቸ ቀን ያለ እፍረት ይመለሳል። የሁለቱን ሰዎች ልዩነት የምታውቀው በዚህ ነው።

አንተ፥ አንባቢ ሆይ፥ ምናልባት ባሕር አይተህ አታውቅም ይሆናል። ነገር ግን የጠጣ ወይም እንቅልፍ የጣለው ሰው መኪና ሊነዳ ሲነሣ፥ ተሳፋሪው ሁሉ እርስ በርሱ እየተያየ ዝም ሲል አላየህምን? ወይስ ከባልንጀሮችህ ጋር ገንዘብህን በማታምንበት ንግድ ላይ አላዋጣህምን? ያም ዳርቻ ነው፤ ያም ጠቈር ያለ ጸጥተኛ መንገድ አለው። ገላህ አደራ ነው፤ የባልንጀራህም ገላ አደራ ነው፤ በቤት የሚጠብቁህም ባለ አደራዎች ናቸው።

ስለዚህ ሁለተኛው ሰው የልብሱን አንገት ከመዝጋቱ በፊት፥ «ወንድሜ፥ እኔ ፈርቻለሁ፤ ዛሬ ይቅርብን» ይበል። የመጀመሪያውም ሳይዘብት ሳያኰርፍ፥ «ስለ ነገርኸኝ ደግ አደረግህ» ብሎ ከአሸዋው ላይ አብሮት ይቀመጥ። ያመጡትን ትኩስ ሻይ እየጠጡ ማዕበሉን ይመልከቱ። ሁለቱም በሌላ ቀን ተመልሰው ለመምጣት ይችላሉ።