ስም ማውጣትና ባለ ስሙን መጠበቅ

አዳም ለእንስሳት ስም እንዳወጣ በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፏል። አስተውሎ ለሚያነብ ሰው ግን በዚያ ስፍራ የተቆጠሩት እንስሳት፣ የሰማይ ወፎችና የምድር አራዊት ናቸው፤ ዓሦች አልተነሡም። መጽሐፈ ኩፋሌ ይህን አሟልቶ፣ በውሃ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ በአምስተኛው ቀን ወደ አዳም እንደ ቀረበ ይናገራል። እንግዲህ በጥልቅ ውሃ ተሰውሮ ለሚኖር ፍጥረት ስም ማውጣት ከንቱ መራቀቅ ነውን? ወይስ ለሰው የተሰጠ ግዴታ?

ለዚህ ጥያቄ በሞቃት ባሕሮች የሚኖረው፣ ፈረንጆች ስቲንግሬይ የሚሉት ዓሣ ምስክር ይሆናል። ሰውነቱ እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ ነው፤ በጅራቱ መርዛም እሾህ አለው፤ አሸዋ ለብሶ ይተኛልና ሳያዩት ይረግጡታል። ሊኔዎስ የተባለው የስዊድን ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1758 ይህን የመሰሉትን ጠፍጣፋ ዓሦች «ራያ» በሚል በአንድ የወገን ስም ሰበሰባቸው። ደቀ መዝሙሩ ፎርስኮል በዴንማርክ ንጉሥ ተልኮ የቀይ ባሕርን ዓሦች ሲመረምር ቆይቶ በ1763 በየመን ሞተ። የጉዞ ባልንጀራው ኒቡር ጽሑፉን በ1775 አሳተመለት፤ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለበት የቀይ ባሕር ዓሣ «ሊማ» የተባለው በዚህ መጽሐፍ ነው። ስም አውጪው አለፈ፤ ያወጣው ስም ግን እስከ ዛሬ ይጠራል።

ሌላም ነጠብጣባም ዓሣ አለ። በ1841 ሙለርና ሄንለ የተባሉ ሊቃውንት፣ በ1821 በጃቫ ደሴት በ23 ዓመቱ ለሞተው ለኩል መታሰቢያ ይሆን ዘንድ በእርሱ ስም ጠሩት። ከዚያ ወዲህ ከሕንድ ውቅያኖስ እስከ ምዕራብ ፓሲፊክ የሚገኘው መሳዩ ሁሉ በዚህ በአንዱ ስም ሲጠራ ኖረ። በ2016 ግን መርማሪዎች መልኩን፣ የአካሉን ልክና በሥጋው ውስጥ ያለውን የዘር ምልክት አስተያይተው፣ አንድ የተባለው ብዙ መሆኑን አስረዱ፤ ለሦስቱም አዲስ ስም አወጡላቸው። ነጠብጣቡ ሰም ነበረ፤ ወርቁ ከበታች ተሰውሮ ቆይቶ ነበር።

አጥማጅ ያለ ላቲን ስም ያጠምዳል፤ የሊቃውንቱም ስም በየዘመኑ ይለወጣል፤ ስለዚህ ድካማቸው ከንቱ ነው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ስሙ የሚለወጠው ፍጥረቱ ስለ ተለወጠ አይደለም፤ የሚያየው ዓይን ስለ ጠራ ነው። ብዙ ወገን በአንድ ስም ቢጠራ አንዱ ሲያልቅ ማን ያውቃል? ስሙ በገበያ እየተጠራ፣ ቅርጫቱም በሌላው እየሞላ፣ የጠፋው ሳይታወቅ ይቀራል። ስለዚህ ለይቶ መጥራት ለይቶ ለማዘን፣ ለይቶም ለመጠበቅ በር ነው።

ሆኖም በሩን ከፍቶ አለመግባት አለ። በ1862 ማርተንስ የተባለ ጀርመናዊ በጃካርታ ዓሣ ገበያ ከዚሁ ከባለ እሾሁ ወገን አንዲት ዓሣ አገኘ፤ በ1864ም በጃቫ ስም ሰየማት። ከዚያች ከአንዲቱ በቀር ሁለተኛ አልተገኘም፤ እርስዋም በበርሊን ቤተ መዘክር ተቀምጣለች። በባሕሩ ዳር ማጥመዱ በዛ፤ መኖሪያውም ተበላሸ። በ2023 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ይህ ወገን ከምድር ጠፍቷል ብሎ አስታወቀ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለው ለደግ ሰው ምስጋና ነበረ፤ በዚህች ዓሣ ግን ወቀሳ ሆነ፤ ስሙ ሲቀር የሚጠራበት የለምና።

እንግዲህ ስም ማውጣት ከንቱ አይደለም፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በኦሪት የነገሩን ቅደም ተከተል የተመለከተ ሰው ይህን ያገኘዋል፤ አዳም ገነትን እንዲያበጅና እንዲጠብቅ የተሾመው ለእንስሳት ስም ከማውጣቱ በፊት ነው። ጠባቂነቱ ቀደመ፤ ስም አውጪነቱ ተከተለ። ስም አውጥቶ ባለ ስሙን የማይጠብቅ ሰው፣ ክርስትና አንሥቶ ልጁን በረሃብ እንደሚተው የክርስትና አባት ነው።